ያልታወጀው የመስኮት ግብር
(ከዲላ)

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1696 የእንግሊዙ ንጉሥ ሣልሳዊ ዊልያም መንግሥት ገንዘብ ቸገረውና የየቤቱን መስኮት እየቆጠረ ግብር ጣለ። ብዙ መስኮት ያለው ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ተባለ። ሕዝቡስ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነ! ብርሃንና አየር ግብር ሲሆኑበት ጨለማን መረጠ። በጨለማው ቤት በሽታ ገባ፤ ሐኪሞች ጮኹ፤ አዋጁ ግን 155 ዓመት ኖሮ በ1851 ነው የተሻረው። ፈረንሳዮችም በ1798 «የበርና የመስኮት ግብር» የሚል አውጥተው እስከ 1926 ድረስ ዜጎቻቸውን ሲያስከፍሉበት ኖረዋል።

ይህን የማነሳው የአውሮፓ ታሪክ ላስተምር ፈልጌ አይደለም። ዲላ ከተማ ውስጥ ከዋናው የሞያሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ብትመለከቱ የደፈኑ መስኮቶች ስለምታዩ ነው። እንግሊዞች በጡብ ነበር የደፈኑት፤ የእኛ ሰዎች በማዳበሪያ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በላስቲክ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ነው የደፈኑት። ልዩነቱ ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የእንግሊዙ ግብር በአዋጅ የወጣ ስለሆነ ሰውዬው ስንት እንደሚከፍልና ለማን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር። የእኛው የመስኮት ግብር ግን አልታወጀም፣ ነጋሪት አልተጎሰመለትም፣ ቁጥርም የለው። ግን ይከፈላል! ስንጥቅ መስታወት ለመቀየር፣ የበሰበሰ የጣውላ መስኮት አውጥቶ የብረት ለማስገባት የሞከረ ሁሉ ይከፍለዋል። የማይችለው ደግሞ ከረጢቱን ይወትፋል።

እስቲ መስኮቷን እንቁጠራት

ነገሩ በጥቅሉ ሲወራ ሆድ አይሞላምና እስቲ አንዲት መስኮት ይዘን በዝርዝር እንያት። ቤተ መንግሥት የምትገባ መስኮት አይደለችም፤ 1.20 በ1.20 የሆነች፣ ሁለት ተከፋች ያላት፣ ተራ የብረት መስኮት ናት። የውጭ ፍሬሟ ዙሪያውን 4.80 ሜትር ይፈጃል። ሁለቱ ተከፋቾች እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ በ1.20 ናቸውና ለሁለቱም 7.20 ሜትር ይፈጃሉ። ድምር 12 ሜትር። አንድ ቱቦላሬ 6 ሜትር ስለሆነ ቁርጥራጩ ሳይታሰብ ሁለት ሙሉ ብረት ማለት ነው። በላዩ ላይ ላሜራ፣ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ አንቲረስት፣ ቀለምና ስቱኮ አለ። ከዚያ ወደ አንድ ካሬ ተኩል የሚጠጋው መስታወት ይመጣል። ሌባ የሚፈራ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ይጨምርበታል፤ በዚህ ዘመን የማይፈራ ማን አለ?

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዲላ ላይ የሚመረተው የትኛው ነው? የሠራተኛው ላብ ብቻ! ብረቱ ወይ ተሠርቶ ከውጭ ይገባል ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ መጥቶ እዚህ ይጠቀለላል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ዶላር የሸተተው ዕቃ ነው። ዶላሩ ተነሳ ማለት መስኮቷ ተነሳች ማለት ነው።

እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት ሦስት ብየዳ ቤት ዞሬ የዚህችኑ መስኮት ዋጋ ጠይቄአለሁ። ሦስቱም የነገሩኝ ዋጋ የተለያየ ነው። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል። አንደኛው ሠራተኛ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንዲህ አለኝ፤ «ወንድሜ፣ ዛሬ ቀብድ ካስያዝክ በዚህ እሠራልሃለሁ፤ የሳምንት ሰው ከሆንክ ግን እንደገና ነው የምንነጋገረው።» እውነቱን ነው። ለሳምንት ዋጋ ቢሰጠኝ ብረት ሻጩ ለእሱ ለሳምንት ዋጋ አይሰጠውም። ከሦስቱ ዝቅተኛ የተባለውም ቢሆን አንድ የመጨረሻ ደረጃ የመንግሥት ሠራተኛ በወር ከሚያገኘው ይበልጣል። አንድ ወር ሙሉ ሳይበላ፣ ኪራይ ሳይከፍል፣ ልጅ ሳያስተምር ሠርቶ አንዲት መስኮት አይገዛም! ቤት ደግሞ በአንድ መስኮት አይቆምም።

ብሩን ማን አረከሰው?

መንግሥት ብራችንን ሲያረክሰው ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ተደረገ። በ2003 መግቢያና በ2010 መጀመሪያም ተደገመ። ዋናው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጣው ነው። በዚያች ሰኞ ጧት ብር ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ 2018 ሲገባ ደግሞ ከ140 አለፈ።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱልኝ። ወደብ ላይ 10 ዶላር የሚያወጣ መስታወት በድሮው ምንዛሪ 570 ብር ነበር። በ140 ስናባዛው 1,400 ብር ይሆናል። መስታወቱ ያው መስታወት ነው፤ አልወፈረ፣ አልሰፋ! በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በ570 ብሩ ላይ 85 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በ1,400 ብሩ ላይ 210 ብር ሆኗል። ልብ በሉ አንባብያን! የታክሱ ማጣኛ ንቅንቅ አላለም፤ 15 በመቶ ያው 15 በመቶ ነው። ነገር ግን ከአንዲት መስታወት የሚሰበሰበው ብር ከእጥፍ በላይ አደገ። የጉምሩክ ቀረጡም የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ነውና አብሮ ያድጋል። መንግሥት ብሩን አረከሰና ካረከሰው ብር ላይ ግብሩን አሳደገ። ፓርላማ አልተጠየቀ፣ አዋጅ አልወጣ፣ ማንም እጁን አላወጣ። የመስኮት ግብር የምለው ይሄንን ነው!

ይኸው ዕቃ ተጭኖ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። በ2017 የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ማለፉን እናስታውሳለን፤ ናፍጣውም እግር በእግር ተከትሎታል። መኪናው በየኬላው ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ወይ ጊዜ ይከፈላል ወይ ገንዘብ። መስታወት ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አይደለም፤ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ማን ይከፍለዋል? ነጋዴው ነው እንዴ? የተረፈውን የምትገዙት እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት!

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ይህ ጣጣ ዲላ ላይ ሲሆን የበለጠ የሚያንገበግብበት ምክንያት አለ። ጌዴኦ ዶላር የሌለው አገር አይደለም። ጌዴኦ ዶላር የሚያበቅል አገር ነው! ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ፣ ወናጎ ማለት በዓለም የቡና ገበያ በስም የሚጠሩ ወረዳዎች ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የይርጋጨፌን ስም ከሐረርና ከሲዳማ ጋር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ድረስ ሄዶ፣ ከስታርባክስ ጋር ዓለም እያየው ተሟግቶ በ1999 ሰኔ ላይ ስምምነት የፈረመው ስሙ ገንዘብ ስለሆነ ነው። በ2017 የበጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች ተብሎ ተጨብጭቧል። ጭብጨባው ይገባል። ግን ያንን ቡና የለቀመችው እናት ቤቷ ስትገባ መስኮቷ በምን ተደፍኗል?

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቡናው የሚሸጠው በዶላር ነው፤ መስታወቱ የሚገዛው በዶላር ነው፤ መሀል ላይ ያለው ጌዴኦ ብቻ ነው በብር የሚኖረው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«የእሸት ቡና ዋጋም እኮ ጨምሯል» የሚለኝ ካድሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጨምሯል፤ አልክድም። ነገር ግን የጌዴኦ ገበሬ ማሳ በጣት የሚቆጠር ነው፤ በሕዝብ ብዛት ከታጨቁት የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ጌዴኦ ነውና አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት እያነሰ ሄዷል። ቡና የሚሸጠው በዓመት አንድ ሰሞን ነው፤ በቆሎና ጤፍ የሚገዛው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። የኅዳር ብር ሰኔ ላይ የለም። መስኮት ደግሞ የሚያስፈልገው ልክ ሰኔ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ!

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። መስከረም 2016 ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርቦ የሚኖርበት ጥበብ ነው የተመዘገበው። እውነትም የሚያኮራ ነው። ገበሬው ዋንዛውን ቆርጦ መስኮት ማሠራት ይችል ነበር፤ ግን ጥላው ሲነሳ ቡናው እንደሚያርር አያቱ ነግረውታል፤ ስለዚህ አይቆርጥም። ዛፉን ለዓለም ጠብቆ እሱ ከረጢት ይወትፋል። ዓለም የቅርሱን ፎቶ ሲያነሳ የቅርሱን ጠባቂ መስኮት ያነሳው የለም።

«ክፈቱ» የተባለው መስኮት

መስኮት ቅንጦት ነው የሚል ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ፣ ጭስ ይውጣ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይከላከላል» ሲሉን ኖረዋል። እህቶቻችን ያሉት ትክክል ነው። ግን የተደፈነ መስኮት እንዴት ይከፈታል? ከረጢቱን ነቅለን ዝናቡን እናስገባ? ዲላ ደግሞ የወባ አገር ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያኑ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157ቱ ሞተዋል። በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ደህና መስኮት ትንኟን ውጭ ያስቀራል። የተቀደደ ከረጢት ግን «ግቢ» ነው የሚላት።

ከሁሉ የከፋባቸው ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው።

አንደኞቹ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በወር ከ100 ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው! ቤቶቹ ጭቃ ናቸው፤ መስኮታቸው ጣውላ ነው፤ ጣውላውም በልቷል። ቀበሌው ኪራዩ ትንሽ ነው ብሎ አያድስም። ነዋሪው ላድስ ቢል ፈቃድ አምጣ ይባላል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ነገ «ለልማት ይነሳል» ሊባል ለሚችል፣ ለልጁ ለማያወርሰው ቤት ከጉሮሮው ነጥቆ መስኮት ይግዛ? ባለቤት ነኝ የሚለው አያድስም፣ የሚኖርበት ማደስ ይፈራል፤ መሀል ቤት መስኮቱ ይበሰብሳል።

ሁለተኞቹ የ2010 ዓ.ም. ተፈናቃዮች ናቸው። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ከዚያም በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተነቀለ። ቤት ተቃጠለ፣ ቡና ተጨፈጨፈ። በ2011 ገደብ ላይ፣ ጎቲቲ ላይ የነበረውን ረሃብና ስቃይ መላው አገር አይቶታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መጥተው አይተዋል። ከዚያ «ወደ ቀያችሁ ተመለሱ» ተባለ፤ ተመለሱ። ወደ ምን? በርና መስኮቱ ወደ ነደደበት ቤት! ለነዚህ ሰዎች የመስኮት ዋጋ የኑሮ ማሻሻያ ጥያቄ አይደለም፤ ተመልሰናል ወይስ አልተመለስንም የሚል ጥያቄ ነው። መስኮት የሌለው ቤት የገባ ሰው ከመጠለያ ወደ መጠለያ ነው የተዛወረው።

ውጭው አልጋ፣ ውስጡ ቀጋ

ይህ ሁሉ እያለ ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት በክልል ከተሞች እየዞረ ወደ ዲላም መጥቷል። መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለው የቤት ፊት ይዋባል። ንጹሕ ከተማ የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። የምጠይቀው ግን አለኝ፤ ከተማ ማለት ባለሥልጣን በመኪና ሲያልፍ የሚያየው ገጽ ብቻ ነው? ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ያለውን መስኮት የሚያይ ኮሪደር የለም እንዴ?

በዚህ ላይ በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ታክሱ በቦታና በቦታው ላይ ባለው ሕንፃ ዋጋ ላይ የሚጣል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውዬው ተበድሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ልጁን ሳያለብስ መስኮቱን ቀየረ እንበል። ቤቱ ደህና ሆነ። ደህና ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ግብሩ ከፍ ይላል። ሲገዛም ከፈለ፣ ገዝቶም ይከፍላል። ንጉሥ ዊልያም ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

«ገበያው ነው»

የሚሰጠንን መልስ በቃላችን እናውቀዋለን። «የማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው፤ መጀመሪያ ያማል፣ ኋላ ይሽራል» ይባላል። የሚያመው ማንን ነው? የሚሽረውስ ማን ነው? «ዶላሩ በጥቁር ገበያ ድሮም ውድ ነበር፤ ዋጋው ቀድሞ ተስተካክሏል» ይባላል። ጥሩ! ቀድሞ ተስተካክሎ ከነበረ ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ብረትና መስታወት ለምን ተጨማሪ ዘለሉ? ቀረጡስ የሚሰላው በጥቁር ገበያ ነበር እንዴ? በባንክ ምንዛሪ አልነበረም? የባንኩ ምንዛሪ ሲዘል ቀረጡ ዘለለ። ይህንን ጥቁር ገበያ አላደረገውም።

«ደሞዝ ጨምረናል» ይባላል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ማደጉ እውነት ነው። 6,000 ብር ለ140 ሲካፈል 43 ዶላር አይሞላም። እሱም ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለቡና ለቃሚዋ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለሊስትሮው፣ ለጀበና ቡና ሻጭዋ ማን ጨመረላቸው? በዚህ አገር ለግል ሠራተኛ የተደነገገ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም። ጣሪያ ለሌለው ዋጋ ወለል የሌለው ደሞዝ!

ሌላው ደግሞ «ስግብግብ ነጋዴ ነው» ይባላል። ይቺ የደርግ ዘመን ዜማ ናት። አጭበርባሪ ነጋዴ የለም አልልም። ግን ባለ ብየዳ ቤቱን ከስግብግቦች አትቁጠሩብኝ። ደንበኛ ጠፍቶበት ማሽኑን አጥፍቶ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ስግብግብ ሊሆን አይችልም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ነው የምታውቁት እንዳንባል የሚደረገውን እናገራለሁ።

አንደኛ፣ ለመኖሪያ ቤት በር፣ መስኮት፣ መስታወትና የወንፊት ሽቦ የሚውል ዕቃ፣ ለተራ ቤት በሚበቃ መጠን፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ይሁን። መንግሥት ብሩ ሲረክስ ያለ አዋጅ ያተረፈውን በአዋጅ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ በርና መስኮት ለማደስ ፈቃድ መጠየቁ ይቅር። ቤቱ ሲነሳም ያወጣው ወጪ ተመዝግቦ ይካስ።

ሦስተኛ፣ ከተፈናቃይነት ተመልሰው እስከ ዛሬ ቤታቸው ላልተጠገነ ወገኖች የበርና የመስኮት ድጋፍ ይሰጥ። ለኮሪደር መብራት በጀት የተገኘ ለነሱ የሚታጣበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛ፣ የጌዴኦ የቡና ማኅበራትና ዩኒየን ቡና በጋራ እንደሚሸጡ ሁሉ ብረትና መስታወት በጋራ ያስመጡ። በአንድ መኪና ሙሉ የገዛ፣ በአንድ ቁራጭ እንደ ገዛ አይከፍልም። ዶላሩን ያመጣ ገበሬ ከዶላሩ መስታወት ቢጠይቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛ፣ ዲላ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከባህር ዛፍና ከቀርከሃ፣ ከአካባቢው ዕቃ፣ ርካሽና ዝናብ የሚችል መስኮት አስጠንቶ ለአናጢዎችና ለብየዳ ቤቶች ማስተማር የዩኒቨርሲቲ ወግ ነው። ሪቫን ከመቁረጥ ይሄ ይሻላል።

ከነዚህ አንዱም ተአምር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለሥልጣኑ ከመኪናው ወርዶ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባቱን ነው። ጌዴኦ ጭቆናን ዝም ብሎ የተሸከመ ሕዝብ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ ጭሰኛው ከባላባቱ ጋር የተናነቀው የለፋበት ፍሬ ለሌላ ስለሄደ ነበር። ዛሬ ማንም ጦር እንዲያነሳ አንፈልግም፤ ጦርነት ይብቃን። ጌዴኦ ነገር ሲከብደው ሶንጎ ተቀምጦ ይነጋገራል። ሹሞቻችንም እዚያ ይምጡና ይህቺን አንዲት ጥያቄ ይመልሱ፤ እንግሊዞች ግብራቸውን ለመሻር 155 ዓመት ፈጀባቸው፤ እኛ ያልታወጀውን ለመሻር ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ልብ ያለው ልብ ይበል!